በእንቅርት ላይ እብደት

መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ ያገሬ ሰው "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ይላል። አንገት ላይ ያለው እብጠት አልበቃ ብሎ ጆሮ ሥር ሌላ ሲጨመር ማለት ነው። ይህን የተረቱ አያቶቻችን እንቅርትን በደንብ ያውቁታል። በደጋው ሀገር በብዙ ሰው አንገት ላይ አይተውታል። አንገት ላይ የሚነቀሱት ንቅሳትም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ያጠፋል ተብሎ ጭምር ነበር። አንድ ነገር ግን አልተረቱም። "በእንቅርት ላይ እብደት" የሚል አባባል የለንም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ስላልተተረተው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ "የሐሺሞቶ ኢንሴፋሎፓቲ" የሚባል በሽታ አለ። ኢንሴፋሎፓቲ ማለት በአጭሩ የአንጎል ሥራ መታወክ ነው። ትናንት ደህና የነበረ ሰው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይደናገራል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይጥለዋል፣ አንዳንዴም ኮማ ውስጥ ይገባል። ደሙ ሲመረመር የገዛ ታይሮይድ ዕጢውን ዒላማ ያደረጉ አንቲቦዲዎች ይገኙበታል። አንቲቦዲ ማለት ሰውነታችን ተህዋሲያንን የሚዋጋበት መሣሪያ ነው። እዚህ ላይ ግን መሣሪያው የዞረው ወደ ባለቤቱ ነው።

በሽታው ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው ሐኪም ከሐካሩ ሐሺሞቶ ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ሐሺሞቶ ስለዚህ የአንጎል በሽታ አንድም መስመር አልጻፈም። ስሙ ከአንጎል ሕመም ጋር ሲያያዝ እሱ ከሞተ 32 ዓመት ሆኖት ነበር።

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት እንጂ ሕክምና አይደለም። ይህን ታሪክ የወደድኩት ግን ከሙያዬ ጋር የሚያገናኘው ጥያቄ ስላለው ነው። ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ የተገኘ ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ነው? ሐኪሞች ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል። በመሀሉ የዳኑ ሰዎች አሉ፤ በተሳሳተ ስም የተጎዱም አሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጎቹ ያዳኗት ሴት

ታይሮይድ ከማንቁርታችን በታች የተቀመጠች፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ ናት። የምታመነጨው ሆርሞን የሰውነታችንን ፍጥነት ይወስናል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሁሉም ነገር ይዘገያል፤ ልብም፣ አንጀትም፣ ሐሳብም።

ይህንን በወጉ መመዝገብ የጀመሩት እንግሊዞች ናቸው። ዊልያም ገል የተባለ የለንደን ሐኪም በ1873 ፊታቸው ያበጠ፣ ሰውነታቸው የከበደ፣ አእምሯቸው የደነዘዘ ሴቶችን ገለጸ። በ1888 ደግሞ የለንደን የክሊኒክ ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ 109 ሕሙማንን አጥንቶ ወፍራም ሪፖርት አወጣ። ከሪፖርቱ ውስጥ ሰውን ያስደነገጠው አንድ ነገር ነበር። ከሕሙማኑ ግማሽ ለሚሆኑት የሌለ ነገር መታየት ወይም ከእውነታ የራቀ እምነት ተመዝግቦባቸዋል። አንገት ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ አእምሮን ልታናውጥ እንደምትችል ዓለም ያን ጊዜ ተረዳ።

መድኃኒቱ ብዙ አልዘገየም። በ1891 ጆርጅ መሬይ የተባለ የኒውካስል ወጣት ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የጨመቀውን ፈሳሽ ለአንዲት የ46 ዓመት ሴት ወጋት። ሴትዮዋ ተሻላት። ሕክምናውን ሳታቋርጥ 28 ዓመት ኖራ በ74 ዓመቷ ሞተች። በነዚያ ዓመታት የወሰደችው መድኃኒት ከ870 በላይ በጎችን እንደጠየቀ ተሰልቷል። (የፋሲካን ገበያ አስቡት!)

ይሁን እንጂ ግኝቱ እያለ ሰዎች እብድ ተብለው መቆለፋቸው አልቀረም። በ1949 ሪቻርድ አሸር የተባለ ሌላ የለንደን ሐኪም በብሪታንያ የሕክምና ጆርናል ላይ 14 ሕሙማንን ይዞ ብቅ አለ። ሁሉም በአእምሮ ሕመም የተያዙ ነበሩ። የሁሉም ችግር ግን የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ነበር። ሆርሞኑ ሲሰጣቸው አብዛኞቹ ዳኑ። የአሸር መልእክት ግልጽ ነበር፤ በሽታው የሚታወቅ፣ የሚድን፣ ግን ማንም የማያስበው ነው። እኛ ሀገር "አማኑኤል ገባ" ተብሎ ነገሩ እንደሚዘጋው ሁሉ፣ እዚያም የአእምሮ ሆስፒታል በር አንዴ ከተዘጋ አንገትን የሚዳስስ ሰው አይገኝም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ቀላል ነው። ሆርሞን አነሰ፣ አእምሮ ታወከ፤ ሆርሞን ተሰጠ፣ አእምሮ ተመለሰ። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ሆርሞኑ ተስተካክሎም አእምሮው የሚታወክበት ሰው ነው። እሱ ጋ ለመድረስ በጃፓን በኩል ማለፍ አለብን።

አራት ሴቶችና አንድ የገጠር ሐኪም

ሐካሩ ሐሺሞቶ በ1881 ከሐኪሞች ቤተሰብ ተወለደ። በደቡባዊ ጃፓን፣ በፉኩኦካ ተምሮ እዚያው በቀዶ ሕክምና ክፍል ሠራ። በዚያ ሳለ እንቅርታቸው በቀዶ ሕክምና ከተነሳላቸው ሴቶች መካከል የአራቱ ዕጢ ለየት አለበት። ዕጢያቸውን በማይክሮስኮፕ ሲያይ መሆን የሌለበት ነገር ሞልቶበታል፤ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት። ልክ ጠላት እንደገባበት ከተማ፣ ዕጢው በወታደር ተጥለቅልቋል። ጠላት ግን የለም።

በ1912 ይህንን በጀርመንኛ ጽፎ በአንድ የጀርመን የቀዶ ሕክምና መጽሔት አሳተመ። ያኔ 31 ዓመቱ ነበር። ቀጥሎ ለትምህርት ወደ ጀርመን ሄደ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ግን ከዚያ አስወጣው። ሀገሩ ተመልሶ የአባቶቹን የገጠር ክሊኒክ ተረከበና የሠፈሩን ሰው እያከመ ኖረ። በ1934 በታይፎይድ ሞተ፤ ገና 52 ዓመቱ ነበር። ጽሑፉን ለዓመታት ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ የሌላ በሽታ መጀመሪያ ነው ያሉም ነበሩ። በ1931 በአሜሪካ፣ ክሊቭላንድ፣ አለን ግራሃምና ባልደረባው ሐሺሞቶ ያየው ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን በስሙ ጠርተው ጻፉ።

ወታደሮቹ ማንን ሊወጉ ነው ዕጢው ውስጥ የገቡት? ይህ ጥያቄ እስከ 1956 ድረስ ቆየ። የዘገየበት አንዱ ምክንያት ደግሞ ትልቅ ስም ነው። በ1908 ኖቤል የተሸለመው ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ሰውነት ራሱን መመረዝን ይጸየፋል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ተከታዮቹ ሐሳቡን እንደ ሕግ ያዙት። ሰውነት ራሱን አያጠቃም፤ አለቀ። (ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ጥያቄ ማንሳት የሚከብደው እኛ ጋ ብቻ አይደለም ማለት ነው።)

ሕጉን የሰበረችው ጥንቸል ናት። በአሜሪካ፣ በቡፋሎ፣ ወጣቱ ኖኤል ሮዝ በጥንቸሎች ላይ ከገዛ ታይሮይዳቸው የወጣውን ፕሮቲን መልሶ ወጋቸው። ጥንቸሎቹ አንቲቦዲ አመነጩ፤ ዕጢያቸውም እንደ ሐሺሞቶ ሕሙማን ዕጢ ተቃጠለ። አለቃው ኧርነስት ዊቴብስኪ በኤርሊክ ትምህርት ያደገ ሰው ስለነበር ውጤቱን ለመቀበል ተቸግሮ ሙከራውን ደጋግሞ አስፈተሸ። በዚያው በ1956 በለንደን ኢቫን ሮይት፣ ዴቦራ ዶኒያክና ባልደረቦቻቸው ተመሳሳይ አንቲቦዲ በሐሺሞቶ ሕሙማን ደም ውስጥ አገኙ። "አውቶኢሚዩን" የሚባለው፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት የበሽታ ቤተሰብ በሕክምናው ዓለም በሩ የተከፈተው በታይሮይድ በኩል ነው ማለት ይቻላል።

አንጎል የተባለው የአንጎል ሐኪም

አሁን ወደ 1966 እንሂድ። ባለታሪካችን ሎርድ ብሬይን ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ቃል በቃል "አንጎል" ማለት ነው። ሥራውም የአንጎልና የነርቭ ሐኪም። በዚያ ላይ "ብሬይን" የሚባለው ታዋቂ የነርቭ ሕክምና መጽሔት አዘጋጅ። እኔ ልቦለድ ውስጥ ብጽፈው አርታኢዬ "ጋሽ አንጎል የሚባል የአንጎል ሐኪም? በይ ቀይሪው!" ይለኝ ነበር።

ሎርድ ብሬይን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ"ላንሴት" መጽሔት ላይ የአንድን በአርባዎቹ መጨረሻ ያለ ሰው ታሪክ ጻፈ። ሰውዬው የሐሺሞቶ በሽታ ነበረበት፤ የታይሮይድ ሆርሞንም ይወስድ ነበር። ሆኖም ደጋግሞ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ይደናገራል፣ ሌላ ጊዜ ስትሮክ የያዘው ይመስል ግማሽ ጎኑ ይደክማል፣ ንግግሩ ይጠፋል፣ ራሱን ይስታል። ከዚያ ይመለሳል። ከዚያ ደግሞ እንደገና። የሆርሞን ማነስ ይህንን አያብራራም። ታዲያ ምን? ሐኪሞቹ በጥንቃቄ አንድ ሐሳብ ጣሉ። ምናልባት በደሙ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ከአንጎሉ ሕመም ጋር ግንኙነት ይኖረው ይሆን?

"ምናልባት" የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ሎርድ ብሬይን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ ሞተ። "ምናልባት"ዋ ግን ኖረች፤ በኋላም ስም ሆነች።

ስም በር ሲከፍት

በ1991 በሌላ የነርቭ ሕክምና መጽሔት ላይ አምስት ተመሳሳይ ሕሙማን ተዘገቡ። አዲሱ ዜና መድኃኒቱ ነበር። የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት የሚያረጋጋው ስቴሮይድ ሲሰጣቸው ተሻላቸው። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ ከየሀገሩ ጎረፈ። እየደነዘዘች ሄዳ በማይድን የመርሳት በሽታ ተፈርጃ የነበረች ሴት ተመለሰች፤ ኮማ ውስጥ የነበረ ሰው ተነሳ፤ የሚሉ ዓይነት ሪፖርቶች ማለት ነው። አንዳንድ ሐኪሞች ስሙን ራሱ ቀይረው "ለስቴሮይድ የሚታዘዝ፣ ከታይሮይድ መቃጠል ጋር የተያያዘ የአንጎል ሕመም" አሉት።

ሕክምናው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ብዙ ጊዜ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ በቀን 1 ግራም በደም ሥር ከ3 እስከ 5 ቀን ይሰጣል። ከዚያ በሚዋጥ ኪኒን ይተካና ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ካልሠራ ወይም በሽታው ከተመላለሰ ከለጋሾች ደም የተጣራ አንቲቦዲ በደም ሥር መስጠት፣ የደሙን ፈሳሽ ክፍል ማጠብ፣ ወይም ሌሎች የመከላከል ሥርዓትን የሚያለዝቡ መድኃኒቶች አሉ።

ስሙ መልካም ሥራ መሥራቱን መካድ አይቻልም። ሐኪሙ "ይህ ሰው አብዷል" ወይም "ይህች ሴት ጃጅታለች" ብሎ ፋይሉን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ተጨማሪ የደም ምርመራ እንዲያዝ አደረገው። በዚያ ምርመራ ሕይወታቸው የተመለሰ ሰዎች አሉ።

ስም በር ሲዘጋ

ግን አንድ ችግር ነበር። የታይሮይድ አንቲቦዲ ብርቅ ነገር አይደለም። አንጎላቸው ደህና ከሆነ ሰዎች መካከል፣ የአሜሪካ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአሥሩ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ይህ አንቲቦዲ አላቸው። በሴቶች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ይበልጣል፤ ዕድሜ ሲጨምርም ይጨምራል። ይህንን የምታነቡ አሥር ሴቶች ካፌ ውስጥ ተቀምጣችሁ ከሆነ፣ ከመካከላችሁ አንዷ ሳታውቀው ተሸክማው ሊሆን ይችላል፤ ማኪያቶዋንም በሰላም እየጠጣች ነው።

ስለዚህ አንጎሉ በሌላ ምክንያት የታመመ ሰው ሁሉ ደሙ ቢመረመር፣ በአጋጣሚ ብቻ አንቲቦዲው የሚገኝበት ብዙ ነው። በ2003 ሦስት አሜሪካውያን ሐኪሞች እስከዚያ የተዘገቡ 85 ሕሙማንን መርምረው ጽሑፋቸውን በጥያቄ ሰየሙት፤ የሐሺሞቶ ኢንሴፋሎፓቲ በሽታ ነው ወይስ ተረት? አንቲቦዲው አንጎልን ሲያጠቃ ያሳየ ጠንካራ ማስረጃ እንደሌለ አሳሰቡ። በጃፓን ፉኩይ ያሉ ተመራማሪዎች በ2005 ሌላ አንቲቦዲ ለምልክትነት አቅርበው ነበር፤ እሱም ቢሆን በሌሎች በሽታዎችም ስለሚገኝ ክርክሩን አልዘጋውም።

ከዚያ እውነተኛው ወንጀለኛ በሌላ አቅጣጫ ተያዘ። በ2007 ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ የ12 ሴቶችን ታሪክ አሳተሙ። ሴቶቹ በድንገት ባሕርያቸው ተለውጦ፣ ጥሏቸው፣ ራሳቸውን ስተው የገቡ ናቸው። በሰውነታቸው ውስጥ የተገኘው አንቲቦዲ የሚያጠቃው ታይሮይድን ሳይሆን በቀጥታ አንጎልን ነበር፤ ኤንኤምዲኤ የተባለውን የነርቭ ሕዋሳት መልእክት መቀበያ። ከዚህ በኋላ ሌሎች አንጎል ላይ የሚያነጣጥሩ አንቲቦዲዎች ተራ በተራ ተገኙ። ቀድሞ "ሐሺሞቶ" ይባሉ ከነበሩት አንዳንዶቹ የእነዚህ ሰለባ ሊሆኑ እንደሚችሉም ግልጽ ሆነ።

ይህ ለእኔ ቅርብ የሚሆነው በሱዛና ካሃላን ምክንያት ነው። በ2009 የኒውዮርክ ፖስት ጋዜጠኛ ነበረች፤ 24 ዓመቷ። በሳምንታት ውስጥ ሰው እያሳደዳት እንደሆነ ማመን ጀመረች፤ ጣላት፤ ሆስፒታል ገባች። ሱሄል ናጃር የተባለ ትውልደ ሶርያ ሐኪም ሰዓት እንድትስል አዘዛት። ካሃላን ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ጎን አጨቀቻቸው። ግማሹ አንጎሏ መታመሙን ወረቀቱ ተናገረ። በሽታዋ ያ የኤንኤምዲኤው ነበር፤ ስም ካገኘ ገና ሁለት ዓመቱ። ታክማ ዳነች፤ በ2012 መጽሐፍ ጻፈችበት። ከሁለት ዓመት ቀደም ብላ ታማ ቢሆን ኖሮ ምን ስም ይሰጧት ነበር? ሳስበው ይቀፈኛል።

የዛሬው ሚዛን

በ2016 የመስኩ ባለሙያዎች ተሰባስበው መስፈርት አወጡ። በእነሱ አባባል አንድ ሰው የሐሺሞቶ ኢንሴፋሎፓቲ ሊኖርበት ይችላል የሚባለው የአንጎል መታወክ ምልክቶቹ ሲኖሩት፣ የታይሮይድ ሕመሙ ቀላል ሲሆን (ከባድ ከሆነማ ሆርሞኑ ራሱ ምክንያት ነዋ)፣ የአንጎሉ ኤምአርአይ ደህና ሲሆን ወይም የተለየ ነገር ሳያሳይ ሲቀር፣ የታይሮይድ አንቲቦዲ ሲገኝበት፣ አንጎልን የሚያጠቁት የታወቁ አንቲቦዲዎች በደሙም በኅብለ ሰረሰሩ ፈሳሽም ሲታጡ፣ ሌላው ምክንያት ሁሉ ተፈትሾ ሲወድቅ ነው። በአጭሩ ይህ ስም የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች ሁሉ በነፃ ከተሰናበቱ በኋላ።

ጥንቃቄው የቅንጦት አይደለም። ማዮ ክሊኒክ በ2021 ባሳተመው ጥናት በዚህ በሽታ ተጠርጥረው ከተላኩ 144 ሰዎች መካከል በእርግጥ አውቶኢሚዩን የአንጎል በሽታ የተገኘባቸው 39 ብቻ ነበሩ። የቀሩት 105 ችግራቸው ሌላ ነበር። ከባርሴሎና በ2020 የወጣው ጥናት ደግሞ መስፈርቱን ካሟሉት ውስጥ እንኳ ስቴሮይድ የረዳቸው አንድ ሦስተኛ አይሞሉም አለ። "ለስቴሮይድ የሚታዘዝ" የሚለው ስም ራሱ አልታዘዘም ማለት ነው። የ1966ቱ የሎርድ ብሬይን ሰውም ቢሆን የተሻለው በስቴሮይድ አልነበረም። ተሰጥቶት አልረዳውም፤ በጊዜ ሂደት ነው ያገገመው።

"ታዲያ ስቴሮይዱ ቢሞከር ምን ይጎዳል?" የሚል አይጠፋም። ይጎዳል። ስኳርና ደም ግፊትን ይጨምራል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ይችላል፣ አልፎ ተርፎ ራሱ አእምሮን ሊያውክ ይችላል። ያለ ምክንያት ለወራት የወሰደ ሰው በአንድ በሽታ ላይ ሌላ ይጨምራል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ቤት ላለን ሰዎች። በእኛ ደጋ ሀገር የሚታየው እንቅርት በአብዛኛው የአዮዲን እጥረት ውጤት ነው። በ2011 የወጣው ጨው በአዮዲን ይበልጽግ የሚለው ደንብም ለእሱ ነው። የሐሺሞቶ በሽታ ሌላ ነው። አክስታችሁ እንቅርት አለባት ማለት አንጎሏ ሊታመም ነው ማለት አይደለምና ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሰው አታስደንግጡ።

ይህ ታሪክ ሁለት ስሕተቶችን ጎን ለጎን ያሳየናል። አንደኛው አሸር በ1949 የተቆጣበት ነው፤ ሊድን የሚችልን ሰው "እብድ" ብሎ መዝጋት። ሁለተኛው የኛ ዘመን ስሕተት ነው፤ አንድ የደም ውጤት ይዞ "አገኘሁት" ብሎ መዝጋት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሰውየው ገና ሳይመረመር ስሙ ይመጣል።

እኛ ሐኪም ባንሆንም የመጀመሪያውን ስም የምንሰጠው ግን እኛ ነን፤ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ ጎረቤት። "ለከፈው"፣ "ነካ አደረገው"፣ "ፍቅር ነው ያሳበዳት" እንላለን። ጸበሉም ጸሎቱም ይሁን፤ ግን ደህና የነበረ ሰው በሳምንታት ውስጥ ሌላ ሰው ከሆነባችሁ፣ በተለይ ከጣለው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ንግግሩ ከተያዘ፣ በቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት። መቼ ጀመረ፣ ምን ቀደመ፣ ምን ተከተለ የሚለውን እየጻፋችሁ ያዙ። ሐኪሙ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ እሱን ደግሞ ከእናንተ በቀር ማንም ሊነግረው አይችልም።

ቸር ያሰንብተን።